ግመል ያልፈታው ዳዶ

ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ጀብዱ አለው። አንዱ ከጅብ ጋር ተፋጥጬ ነበር ይላል፤ ሌላው ከሚሄድ ባቡር ላይ ወድቄ ተረፍኩ ይላል። የኔ ጀብዱ ዳዶ ነው። አዎ፣ ዳዶ፤ ያ ቪቴ ላይ የሚጠብቀው ባለ ስድስት ጎን ብረት። እባካችሁ ገጹን አትግለጡ። ባለቤቴ አስካለ ይህን ወሬ ስጀምር «ደግሞ መጣ» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። እናንተ የምትገቡበት ጓዳ ስለሌላችሁ እስከ መጨረሻው ትሰሙኛላችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ያኔ ባቡር ጣቢያ የጭነት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ፤ መኪናም ነበረኝ። «መኪናም ነበረኝ» የምትለዋን ዝም ብላችሁ አትለፏት። በዚያ ዘመን ጸሐፊ ሆኖ መኪና ያለው ሰው ወይ ወራሽ ነው ወይ ተጠርጣሪ። እኔ ሁለቱንም አልነበርኩም። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ፣ ይዟት ለመሄድም ለመጣልም ያልጨከነባትን አሮጌ መኪናውን ለኔ ትቷት ሄደ። ሰፈሩ «ማዳም» ብሎ ስም አወጣላት።

ማዳም አገሯን አልረሳችም። ሌላው መኪና ወደ ቀኝ ያለውን እሷ ወደ ግራ ትላለች። የመብራቷ ማብሪያ ወደ ላይ ሲገፋ ያጠፋል። ኮፋኖዋ የሚከፈተው በመስታወቱ በኩል ነው። መስኮቷን ለማውረድ እጀታውን ሌላ መኪና ላይ ለመዝጋት በምናዞርበት በኩል ማዞር ነው። እንግዳ ተሳፍሮ መስኮት ለመክፈት ሲታገል እኔ ጉልበቱን እስኪጨርስ ጠብቄ «ማዳምን የሚያውቃት ባሏ ብቻ ነው» እላለሁ። ይህን አባባሌን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ አብረን እናፍርበታለን።

አጥር የሚለየን ጎረቤታችን አዮ ፋጡማ ናቸው። አዮ ማለት በኛ በኩል እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል እንጂ የወለዱት ነስራ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መጋላ ገበያ ቅመም እየሸጡ አሳደጓት፤ ለሐረር ልጅም ታጨች። ሰርጉ እሑድ ሊሆን፣ የሙሽራው ወገኖች «ሙሽራዋን የምንወስድበት መኪና አግኝተናል፣ አትስጉ» ብለው ላኩ። መኪናው ሲጣራ ሽንኩርት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሆኖ ተገኘ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪና ያለው ዘመድ አይጠፋም። ያኔ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የቤት መኪና እሑድ እሑድ የሚነዳው በተራ ነበር፤ አንዱ እሑድ ታርጋው ሙሉ ቁጥር ለሆነ፣ የሚቀጥለው ጎዶሎ ለሆነ። የዘመዶቻቸው ታርጋ ሁሉ ለዚያ እሑድ አልሆን አለ። ታክሲዎቹም ነዳጃቸው በኩፖን ስለሆነ ደንገጎን ልውጣ የሚል ጠፋ። ደንገጎ ማለት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲሄዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ ነው፤ ስንት ጎበዝ መኪና መሃሉ ላይ አፉን ከፍቶ እንፋሎት ሲያስወጣ አይቻለሁ።

አዮ ፋጡማ ይህን በአጥሩ ላይ ለአስካለ ሲነግሯት ሰማሁ። አላለቀሱም። «ልጄን ከሽንኩርት ጋር ጭነው ሊወስዱብኝ ነው» ብቻ አሉ። እኔ ደግሞ ምን እንደማስብ የማውቀው ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«የኔ ታርጋ እኮ ለዚህ እሑድ ነው! ነስራን ሐረር የማደርሳት እኔ ነኝ!»

አዮ ፋጡማ በአጥሩ ቀዳዳ እጃቸውን ሰደው እጄን ያዙና ሳሙት። በሕይወቴ እጄን የሳመኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ማዳም ደንገጎን መውጣት እንደማትችል ትዝ ያለኝ እጄን ከሳሙኝ በኋላ ነው።

ማዳም ትፈላለች። ድሬዳዋ ውስጥ የማይፈላ ነገር የለም፣ እኛም እንፈላለን፤ እሷ ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ደርሳ ለመመለስ እንኳ ጀሪካን ውሃ ይዛ ነው የምትወጣው። ምክንያቱ ይታወቃል። ከራዲያተሩ ጀርባ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ድቡልቡል ብረት መካኒኮች የማራገቢያ ፍሪሲዮን ይሉታል፤ ሞተሩ ሲግል ማራገቢያውን ጨብጦ ያዞረዋል፣ ሲበርድ ይለቀዋል። የማዳም ፍሪሲዮን መጨበጡን ትቶ ጡረታ ወጥቷል። ማራገቢያዋ የሚዞረው ከውጭ ነፋስ ሲነፍስ ብቻ ነበር።

ደግነቱ መለዋወጫው በእጄ ነው። አንድ ባቡር ነጂ ወዳጄ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ማራገቢያ ከነፍሪሲዮኑ ከጅቡቲ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አምጥቶልኛል። ፊናንስ ፖሊሱ ገልጦ «ምንድን ነው?» ቢለው «ማራገቢያ» አለው አሉ። ፖሊሱም ላቡን እየጠረገ «ታድለሃል» ብሎ አሳለፈው። እንግዲህ የቀረው አሮጌውን ፈትቶ ይህንን ማሰር ነው። አሮጌው የታሰረው ደግሞ በአንድ ዳዶ ነው።

መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ። «ሰኞ አምጣት» አለኝ። «እሑድ እኮ ሰርግ አለብኝ!» ብለው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ማክሰኞ» አለ። በንዴት ጋራዡን ለቅቄ ስወጣ፣ «ለአንድ ዳዶ ብዬ ሰው አልለምንም» እያልኩ ለራሴ ጮክ ብዬ እናገር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማዳምን ከግቢ አውጥቼ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኳት። መንገዳችን ወደ ደቻቱ ያዘቀዝቃል። የእጅ ፍሬኗ ለጌጥ የተሠራ ስለሆነ ከፊት ጎማዋ ሥር አንድ ደህና ድንጋይ አስደገፍኩ። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ነው፤ ወንዝ ስላችሁ ውሃ እንዳትጠብቁ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እኛ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጎርፉ ሳይጠራ ይመጣል።

ሽርጤን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና በራዲያተሩና በማራገቢያው መሃል ባለችው ቀጭን ክፍተት መፍቻውን አስገብቼ ዳዶው ላይ ገጠምኩ። ዳዶ እንዴት እንደሚፈታ የማያውቅ የለም፤ ቧንቧ እንደሚከፈተው ወደ ግራ ነው። ጎተትኩ። ንቅንቅ የለም። እግሬን መከላከያው ላይ ደግፌ ጎተትኩ። አስካለ በመስኮት ብቅ ብላ «ቁርስ ላቅርብ?» አለች። «ይህችን ልጨርስና» አልኩ። ምሳ ደረሰ። «ይህችን ልጨርስና» አልኩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሽርጤ ደጋግሞ ተፈትቷል፤ ዳዶው ግን እንደታሰረ ነው።

አብዲ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አብዲ የልብ ወዳጄ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራል፣ ክንዱ የኔን ጭን ያክላል።

«አቦ! ምን ሆነህ ነው ከሴት ጋር የምትታገለው?» አለኝ።

«ዳዶው እምቢ አለ።»

«ዳዶ እምቢ ይላል እንዴ? ዞር በል ዋርያ!»

እኔ የጎማ ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ የሚጠመጠምበትን ፑሌጃ እንዳይዞር በረጅም ካቻቢቴ ወጥሬ ያዝኩ፤ አብዲ መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራ ጎተተ። የአንገቱ ሥር ሁሉ ተገተረ። በድንገት «ተንቀሳቀሰች! ወላሂ ተንቀሳቀሰች!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፣ ተንቀሳቅሳለች። ወዴት እንደተንቀሳቀሰች ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀትር በኋላ ሥራ አይሠራም፤ ስለ ሥራ ይታሰባል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ፍራሹን ያነጥፋል፣ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። በርጫ እንለዋለን። በርጫ መጀመሪያ ወሬ ነው፤ ቀጥሎ ዝምታ ነው፤ ከዝምታው በኋላ ምርቃና ይመጣል። የመረቀነ ሰው ደግሞ መፍትሔ የማያገኝለት ችግር የለም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ለመፍትሔው የሚሆን ችግር አያጣም። ያን ቀን የሰፈሩ በርጫ የት ይሁን ሲባል፣ አብዲ «ማዳም ጋ» አለ። ፍራሹ ከኒሙ ሥር ተነጠፈ፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ማዳም ሞተር አዙሮ ተቀመጠ።

ከምርቃናው በፊት ነገሩ ዳዶ ነበር። ከምርቃናው በኋላ የምርምር ጣቢያ ሆነ። አንዱ ተነስቶ «ብረት ሲሞቅ ይሰፋል» አለ። ይህ ልክ ስለሆነ አዮ ፋጡማ ለሰርጉ ከጣዱት በርሜል የፈላ ውሃ ተቀድቶ ዳዶው ላይ ፈሰሰ። ሌላው «ሲበርድስ? ሲበርድ ይጠባል!» አለ። ይህም ልክ ስለሆነ በረዶ ተገዝቶ መጣ። ሦስተኛው ሁለቱን አስታርቆ «መጀመሪያ ግራ ይጋባ፤ አንዴ ሙቅ አንዴ ቀዝቃዛ» አለ። ዳዶው ግራ አልተጋባም። ከእያንዳንዱ ምርምር በኋላ ባለ ሐሳቡ ተነስቶ ወደ ግራ ይጎትታል፤ ሲደክመው ለሚቀጥለው ይለቃል። ሁሉም ከፊተኛው የበለጠ ጉልበተኛ ነበር። ሰፈሬ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ጩኸቱን ሰምቶ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ። ካኪ ለባሽ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጣቱን ወደ ሰማይ የሚቀስር ሰው ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ደሙ ይፈላል።

«ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው የተጠራው?»

ሁላችንም ደነገጥን። አብዲ ብቻ «ስብሰባ አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፣ ዳዶ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ዳዶውን አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ «ችግራችሁ ይታየኛል። እያንዳንዳችሁ በየግላችሁ ነው የሞከራችሁት። በተባበረ ክንድ ተሞክሯል?» አለ።

አልተሞከረም ነበር። ስለዚህ ረጅም የውሃ ቱቦ መጥቶ መፍቻው እጀታ ላይ ተሰካ፤ ከቱቦው ጫፍ ገመድ ታሰረ፤ ወንዶቹ ገመዱን ይዘው ተሰለፉ። ሊቀመንበሩ «ዝገት ይወገዳል!» ይላል፣ እኛ «ይወገዳል!» ብለን እንጎትታለን። በመሃል «መዶሻ ያስፈልጋል» ብሎ ዙሪያውን ቃኘና አንድ ደህና ድንጋይ አንስቶ የመፍቻውን ጀርባ ይመታ ጀመር። ድንጋዩን ከየት እንዳነሳው ያኔ ልብ ያልኩ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ ባጭሩ እጨርስላችሁ ነበር።

ሕዝቡ ሲደክም ሊቀመንበሩ መንገዱን ቀና ብሎ አየና ዓይኑ በራ። ሮብሌ ግመሉን እየሳበ ይመጣ ነበር። ሮብሌ ከጀልዴሳ ማገዶ ጭኖ እየመጣ ለሰፈራችን የሚሸጥ ሰው ነው፤ ማገዶውን አራግፎ ወደ አገሩ መመለሱ ነበር።

«ዋርያ፣ ግመሌ መካኒክ አይደለችም» አለ ሐሳቡ ሲነገረው።

«አንዴ ብቻ ትጎትት» አልኩት።

«መኪናው ቢበላሽ እናንተ ትፈቱታላችሁ። ግመሌ ብትበላሽ ማን ይፈታታል?»

አዮ ፋጡማ ግን ከአጥሩ በላይ ሆነው በሶማልኛ ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ሐረርና ስለ ሽንኩርቱ መኪና አጫወቱት። ሮብሌ አዳመጠ፣ ጢሙን ዳሰሰ፤ «ለሙሽራ ከሆነ እሺ» አለና ገመዱን ከግመሏ ኮርቻ ጋር አሰረው።

ግመሏ ቀስ ብላ ወደ ቁልቁለቱ አጋደለች። ገመዱ ተወጠረ። ቱቦው ጎበጠ። እኔ ከደስታ ብዛት ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝና «ተፈታ!» ብዬ ስጮህ የተንቀሳቀሰው ዳዶው ሳይሆን ማዳም ራሷ ነበረች። ግመሏ ዘወር ብላ አንዲት መኪና ኮፋኖዋን ገትራ ስትከተላት ብታይ በርግጋ ሮጠች። ማዳምም ተከተለቻት። ገመዱ ከቱቦው አምልጦ ግመሏ ወደ ጎን ስታመልጥ ማዳም ግን መንገዱን አልሳተችም፤ ኮፋኖዋን እንደከፈተች የሰፈሩን ቁልቁለት ወረደችው። እኔ ሽርጤን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው የኋላ መከላከያዋን ለመያዝ ከኋላዋ እሮጣለሁ። የያዝኩት ግን አቧራዋን ብቻ ነው። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ደርሳ፣ ከዳርቻው ወደ ደቻቱ ገባችና አሸዋው ውስጥ ጎማዋን ቀብራ ቆመች።

ሰፈሩ ሁሉ እየሮጠ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ፊቱ በቁጣ ቀልቷል።

«ከጎማው ሥር የነበረውን ድንጋይ ማን ነው ያነሳው? ይህ አሻጥር ነው! ይጣራል!» እያለ ድንጋዩን በአየር ላይ ያወዛውዛል።

ድንጋዩን አየን። እጁን አየን። እርስ በርሳችን ተያየን። «አልታየንም ጓድ ሊቀመንበር» አለ አብዲ፣ በጣም በትሕትና።

ለመሳቅ ግን ጊዜ አልነበረም። ከደንገጎ በላይ ያለው ሰማይ ጠቁሯል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ያ ጥቁረት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ደጋው ላይ ዘንቧል፣ ውሃው መንገድ ላይ ነው። ማዳም ደግሞ የተቀመጠችው በደቻቱ ውስጥ፣ በጎርፉ መንገድ ላይ ነው። ሁላችንም ገፋናት፤ ይበልጥ ተቀበረች። በሞተር ካልታገዘች የምትወጣ አይደለችም።

አዮ ፋጡማ ሰሐን ሳምቡሳ ይዘው መጡ፤ ለሠራተኞቹ ብለው የጠበሱት ነው። ማዳምን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሽርጤ አሸዋ፣ ፊቴ ግሪስ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም» አሉ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አትጨነቅ። የሽንኩርቱ መኪናም ቢሆን ነፋስ አለው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺ የነፋሷ ነገር አንጀቴን በላችው። አንዲት ልጅ ያለቻቸው ሴት፣ ነገ ሙሽራ ልጃቸውን ሽንኩርት ላይ አስቀምጠው ሊሸኙ ነው፤ ዛሬ ደግሞ እኔን ያጽናናሉ። እንባዬ መጣ። እንባዬ ሲመጣ እናደዳለሁ፤ አፈጣጠሬ ነው። የተናደድኩት በዳዶው ነው።

«እሺ! አልፈታህም! ተሸንፌያለሁ!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ። ቢያንስ ሞተሯን አስነስተን ከጎርፉ እናውጣት። ግን ዳዶው ከጠዋት ጀምሮ ሰፈርና ግመል ሲጎትተው ውሏል፤ በጥቂቱም ቢሆን ሳይላላ አይቀርም፤ ሞተሩ ሲነሳ ማራገቢያው ተፈናጥሮ ራዲያተሩን ቢቀደውስ? ስለዚህ እንዳልፈታው ከወሰንኩ በኋላ የቀረኝ ማጥበቅ ነው። አብዲ ፑሌጃውን ያዘልኝ። መፍቻውን ገልብጬ ገጠምኩ፣ ቧንቧ በሚዘጋበት በኩል፣ ወደ ቀኝ። «ድንጋዩን አምጣ!» አልኩት ሊቀመንበሩን፤ «ጓድ» ማለቱን ረሳሁት። እሱም ረስቶት ነው መሰለኝ አቀበለኝ። ባለኝ ንዴት ሁሉ አንዴ መታሁት።

ቀጭ አለ።

እጄ ወደፊት ሄደና ባዶ ላይ ቀረ። ሰበርኩት አልኩ። ቪቴውን ቆርጬው ነው። ለማጥበቅ ብዬ ጨረስኳት። በጣቴ ዳዶውን ነካሁት፤ ተንቀሳቀሰ። ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ይዞራል። ደግሜ ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ወደኔ እየመጣ ነው። እያጠበቅኩት እየተፈታ ነው!

አያችሁ፣ የማዳም ዳዶ ጥርሱ በተቃራኒ የተቀረጸ ነው። ሞተሩ በሚዞርበት ኃይል ዳዶው እንዳይላላ ብለው አስበውበት የሠሩት ነገር ነው። ቧንቧ በሚከፈትበት በኩል ይጠብቃል፣ በሚዘጋበት በኩል ይፈታል። እኛ ከጠዋት ጀምሮ በፈላ ውሃ፣ በበረዶ፣ በምርቃና፣ በተባበረ ክንድና በአንዲት የጀልዴሳ ግመል ስናጠብቀው ነው የዋልነው። መብራቷን፣ ኮፋኖዋን፣ መስኮቷን ሳይቀር በተቃራኒ እንደምትሠራ ለእንግዳ ሁሉ የማስተምረው እኔ፣ ዳዶዋን ብቻ እንደ ሰው ዳዶ ቆጠርኩት። ማዳምን የሚያውቃት ባሏ ብቻ ነው! ይኸው፣ አብረን እንፈር።

ግን ያኔ አላፈርኩም። ዳዶውን በእጄ ይዤ ወደ ላይ ብድግ አደረግኩት። ሰፈሩ አንድ ላይ ጮኸ፤ ሴቶቹ በእልልታ ደቻቱን ሞሉት። አዮ ፋጡማ የሳምቡሳውን ሰሐን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው እስክስታ የሚመስል ነገር ወረዱ። አብዲ መለዋወጫውን ከቤት ሊያመጣ እንደ ጥይት ሄዶ እንደ ጥይት ተመለሰ፤ እያላላን እያጠበቅን አሰርነው። ሞተሩን አስነሳሁ። ማራገቢያው ጮኸ። ሰፈሩ ተጋግዞ ከኋላ ገፋ፣ ሊቀመንበሩ ካኪው በአሸዋ እስኪነጭ ትከሻውን ሰጠ፣ ማዳም ተንገራግጫ፣ ተንፏቃ፣ ዳርቻውን ዘልቃ መንገድ ላይ ወጣች።

ጎርፉ የመጣው ሳምቡሳውን በልተን ሳንጨርስ ነው። ቡናማ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ማዳም ተቀምጣበት የነበረውን ቦታ ሸፍኖት አለፈ። ሁላችንም ዳርቻው ላይ ቆመን አየነው። ወሬው ያኔውኑ ተጀመረ። አብዲ «ጠዋት እኔ ነኝ ያላላሁት» አለ። በረዶ ያለው ሰው በረዶው ነው አለ። ሊቀመንበሩ የተባበረ ክንድ ውጤት መሆኑን አስረዳ። ሮብሌ ግመሉን አግኝቶ ሲመለስ ምንም አልተከራከረም፤ አንገቷን መታ መታ አድርጎ «ግመሌ ናት» አለና ሄደ።

እሑድ ማዳምን አጥበን፣ አበባ አስረን፣ ነስራን ከኋላ ከአክስቷ ጋር አስቀምጠን ተነሳን። አዮ ፋጡማ፣ እንደ ወጉ፣ ልጃቸውን ተከትለው አልሄዱም፤ ከደጃቸው ቀሩ። በመስኮቱ ልጃቸውን ሊስሙ ሲሉ ነስራ መስኮቱን መክፈት አቃታትና እኔ ወርጄ ከፈትኩላቸው። የሽንኩርቱ መኪና ሽማግሌውንና ጎረቤቱን ሁሉ ጭኖ ከኋላችን ተከተለ፤ አብዲም ሊቀመንበሩም እዚያ ላይ ነበሩ።

ደንገጎን ስንወጣ እኔ መንገዱን ሳይሆን የሙቀት መርፌዋን ነው የማየው። መሃል ላይ ናት። ተጠማዘዝን፣ መሃል ላይ ናት። ሌሎች መኪኖች ዳር ይዘው ውሃ ሲጨምሩ እያየሁ ጥሩምባ እየነፋሁ አለፍኩ። ኩራቴ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ሐረር ሳልቆም እገባለሁ፣ ለዘላለም አወራዋለሁ እያልኩ ነው።

ከላይ ልንደርስ ስንል፣ ከድሬዳዋ ጀምሮ ቃል ያልወጣት ነስራ ተናገረች።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ይቻላል?»

ከዚያ ቦታ ድሬዳዋ ታች ተዘርግታ ትታያለች። አክስቷ ቆጣ አሉ። «ሙሽራ መንገድ ላይ አትቆምም፣ ደግ አይደለም። መኪናው ካልተበላሸ በቀር አይቆምም።»

በመስታወቱ ነስራን አየኋት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። መርፌዋን አየኋት። መሃል ላይ ናት። አንድ ቀን ሙሉ የታገልኩለት፣ ግመል ያስጎተትኩለት፣ ደቻቱ ውስጥ ያለቀስኩለት ኩራቴ ያቺ መርፌ ነበረች።

«ወይኔ ጉዴ፣ ፈላች!» ብዬ ጮህኩና ዳር ያዝኩ።

ኮፋኖውን ከፈትኩት። የሽንኩርቱ መኪና ደርሶ ሲቆም ሰው ሁሉ ዘሎ ወረደ። «አላልኳችሁም! በደንብ አልጠበቀም!» ይላል አንዱ። «ይበልጥ ጠብቆ ነው!» ይላል ሌላው። አብዲ ከወገቡ መፍቻውን ሲመዝ «ዳዶውን እንዳትነኩ!» ብዬ ለመንኩት። ሊቀመንበሩ ምክንያቱ እንዲጣራ አዘዘ። አክስቲቱም ወርደው ውሃ ስጡ፣ ውሃ ጨምሩ ይላሉ።

እነሱ ማዳም ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ ነስራን በሩን ከፈትኩላት። ገደሉ ዳር ቆመን ቁልቁል አየን። መጀመሪያ ደቻቱን አገኘን፤ የትናንቱ ጎርፍ ስላጠበው ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ይታያል። ከደቻቱ ተነስተን ወደ ሰፈራችን መንገድ በጣት ወጣን፤ ከዚያ ወደ ኒሙ።

«ያቺ ናት» አልኳት፤ ከዚያ ርቀት የሚታይ ኒም እንደሌለ እያወቅኩ።

«አዎ፣ ያቺ ናት» አለች እሷም።

ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ግመሏ ትዝ አለቻት መሰለኝ፣ እያለቀሰች ሳቀች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደኔ ዞረች።

«በረደች ጋሼ?»

«በረደች» አልኳት።

ኮፋኖውን ዘግቼ፣ የተሰበሰበውን መሐንዲስ ሁሉ በትኜ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። መርፌዋ መሃል ላይ ነበረች።